ሳይጠይቁ የሚደርስ ደብዳቤ

ቆቦ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ወደ ገበያው በሚታጠፈው ጥግ፣ ስልክ የሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። በሯ ላይ ባለ ቀለም የስልክ ልባሶች ተንጠልጥለዋል፤ ውስጧ የጋለ ብየዳ ይሸታል። እኔ ግን ባለፍኩባት ቁጥር አፍንጫዬ ላይ የሚመጣብኝ ሌላ ነው፤ የላምባ ምድጃ፣ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ፣ በምላስ የረጠበ የፖስታ ሙጫ። ሱቋ የቆመችው የእናቴ ሻይ ቤት በነበረበት መሬት ላይ ነውና። ባለፈው የገበያ ቀን የተሰነጠቀ የስልኬን መስታወት ላስቀይር ስገባ፣ ጥጉ ላይ ካለችው ወንበር አንዲት ነጠላዋን አጥብቃ የተከናነበች ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ሞሚና ናት። የልጅነት ጓደኛዬ፤ ከዞብል ተራራ ግርጌ ካለው ቀበሌዋ ወደ ከተማ ከወረደች ዓመት አልፏት ነበር።

«ታደሉ! አለሽ ወይ አንቺ?» አለችኝ።

«አንቺን ሳልሸኝ የት እሄዳለሁ?»

«ወላሂ፣ ምላስሽ ብቻ ነው ያላረጀው!»

ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም ከጎኗ የቆመች ቀጭን ልጅ ትስቃለች። የልጇ ልጅ ራህመት ናት። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። ደሴ ላይ ላለ አንድ ሆስፒታል አመልክታ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት ቃለ መጠይቅ ነው። የጥሪው ቀን በኢሜል ይላክላችኋል ተብለዋል። በቀኑ ያልተገኘ ደግሞ ተራው ለሚቀጥለው ይሰጥበታል። ስልኳ ግን እንደ ገል ደርቆ ነበር፤ ባትሪው ግማሽ ቀን አይቆይም። ጠጋኙ ባትሪውን ቀይሮ ከመለሰላት በኋላ፣ ለበጎ ብሎ አንድ ምክር መረቀላት።

«ገጠር ነሽ፣ ቻርጅ በሶላር ነው። ስለዚህ ኢሜሉን ማኑዋል አድርጌልሻለሁ። ራሱ አይመጣም፤ ስትፈልጊ ከፍተሽ ታመጪዋለሽ።»

«ጥሩ ነው» አለች ራህመት። «በየሁለት ቀኑ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ እወጣለሁ፣ ያኔ አያለሁ።»

እኔ መስታወቴን ረሳሁት። በዚያው መሬት ላይ፣ ምናልባትም በዚያችው ወንበር ልክ፣ የሞሚና ደብዳቤ ተሰቅሎ የከረመበትን ቦታ እያየሁ ነበር።

ቤቴ ቅርብ ነው፤ ምሳ ካልበላችሁ አልለቃችሁም ብዬ ወሰድኳቸው። የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረብኩና ልጅቷን እስቲ የማኑዋሉን ነገር አስረጂኝ አልኳት። እኔ ስልክ የተማርኩት እንደ ፊደሉ ብቻዬን ነው፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ። ኢሜልም አለኝ። ፈልጌው ሳይሆን ስልኩ ያለሱ አልከፈትም ብሎኝ ነው። እስከ ዛሬ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ የሚጽፉልኝ ጫማ ሻጮች ናቸው።

ራህመት እርጎ የነካ ጣቷን ጠርጋ አስረዳችኝ። ደብዳቤው መጀመሪያ የሚያርፈው ስልኩ ላይ አይደለም፤ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር የሚባል ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ከዚያ ወደ ስልክ የሚመጣበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ፑሽ ይባላል፤ ደብዳቤው እዚያ እንደ ደረሰ ሰርቨሩ ራሱ ስልኩን ይጠራዋል። ሁለተኛው ፌች ነው፤ ስልኩ በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ እየሄደ «አለኝ ወይ?» ብሎ ይመለሳል። ሦስተኛው ያው ማኑዋሉ ነው፤ ባለቤቷ ከፍታ በጣቷ ወደ ታች ካልጎተተችው በቀር ደብዳቤው ዓመትም ቢሆን እዚያው ይቀመጣል።

«ይኼማ የእማዬ ሻይ ቤት ነው!» አልኩ።

ራህመት ግራ ተጋባች። ሞሚና ግን ገባትና ሳቀች።

እንግዲህ ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ዳቦ ለመጨመር ኪስ የሚዳበስበት ጊዜ ነበር። ጎረምሶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው መንገዱን ይጠርጉታል፤ ፀጉራቸው ውስጥ ማበጠሪያ ሰክተው ይረሱታል። እኔ አንድ የተርጋል ቀሚስ ነበረችኝ፣ ብርቱካንማ፣ ስትታጠብ እሷ እስክትደርቅ ከቤት አልወጣም። ጫማዬ ላስቲክ ነው፤ የቆላው ፀሐይ ሲያግለው እግር ይልጣል። አውቶቡስ ከደሴ የሚመጣው በቀን አንዴ ነው። ገና ከሩቅ፣ ከማሽላው በላይ አቧራው ሲነሣ ከተማው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ሻጩ ቅርጫቱን፣ ሥራ ፈቱ ራሱን ይዞ ይሮጣል። ሾፌሩ የካሴቱን ድምፅ ጥጉ ድረስ ከፍ አድርጎ ነው የሚገባው፤ ያ ዘፈን ሳያልቅ ሞተሩን አያጠፋም። ዛሬ ሚኒባሱ በየደቂቃው ነው፣ ባጃጁም መንገድ አያስኬድ፤ ማንም ግን መኪና መጣ ብሎ ከመቀመጫው አይነሣም።

የዚያን ጊዜ ፖስታ ሣጥን የነበራቸው መሥሪያ ቤቶችና ጥቂት ነጋዴዎች ናቸው። የቀረው ሰው አድራሻው የታወቀ ሰው ነው። «ይድረስ ለአቶ እገሌ፣ በወይዘሮ ብርቄ ሻይ ቤት በኩል፣ ቆቦ።» ብርቄ እናቴ ናት። ግማሹን ደብዳቤ ከፖስታ ቤት እኔ አመጣለሁ፤ ግማሹን የአውቶቡስ ረዳቶች ከነላቡ ከደረት ኪሳቸው ያወጡታል። እናቴ ግድግዳው ላይ ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ ወጥራ በልብስ መቆንጠጫ ትሰቅላቸዋለች። ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ የሆነው የባሕር ማዶው። ነፋስ ሲገባ ሁሉም ይርገበገባሉ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ሲባጎ ላይ ነው። ሻይ የሚጠጣ መምህር የተጻፈውን ስም አንዴ ይጠራልኛል፤ እኔ መልኩን በዓይኔ እይዘዋለሁ። «ይድረስ» የምትለዋን ቃል ከራሴ ስም በፊት አወቅኳት። ሞሚና በገበያ ቀን ቅቤዋን በቅል ይዛ ወርዳ እስክትሸጥ ከደጃፋችን ጥላ ትቀመጣለች፤ በኋላ ውስጥ ገባች፤ በኋላ ከሲባጎው ሥር ሆነን ሁለታችን እንማር ጀመር። እኔ የተማርኩትን ለእሷ አስተምራለሁ። እሷ ከእኔ ትፈጥናለች። እኔ ያልኳትን አንዴ ትሰማና ዳግመኛ አትጠይቅም፤ እኔ ግን «ጸ»ን እና «ፀ»ን ለመለየት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ታዲያ ደብዳቤ ጠባቂው እንደ ራህመት ስልክ ሦስት ዓይነት ነበር። አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸው አሰብ ወደብ ይሠራል። እሳቸው ማለት ፌች ናቸው፣ ያውም በየሩብ ሰዓቱ የሚሄደው። ጧት ይመጣሉ።

«አለኝ?»

«አያ ይመር፣ አውቶቡሱ እኮ ገና አልመጣም!»

«ባይመጣስ? ጥያቄ አይከፈልበት።»

ዞር ብለው ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ደግሞ ብድግ ብለው ይመጣሉ። «አለኝ?» የበረባሷቸው ተረከዝ በዚያች በሃያ እርምጃ መንገድ አለቀ ብትሉ አምናለሁ። ራህመት ይህን ስነግራት፣ «እውነት ነው እማማ ታደሉ» አለችኝ፤ «ብዙ ሰው ባትሪ የሚጨርሰው ፑሽ ይመስለዋል። እንደ አያ ይመር በየጊዜው ሄዶ ባዶ እጅ የሚመለሰው ይብሳል። ፑሽ ክር ዘርግቶ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነ ብቻ፣ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ልቀጥል ሲል ባትሪውን ይጨርሰዋል።»

«እሱማ የእናንተ ሰፈር ነው» አልኳት።

«የእኛ ሰፈር ነው» አለች።

ሁለተኛዎቹ፣ ማኑዋሎቹ፣ የገበያ ቀን ሰዎች ናቸው። በሳምንት አንዴ፣ እህላቸውን ሸጠው፣ ጨውና ላምባቸውን ገዝተው፣ ሊመለሱ ሲሉ በበሩ ብቅ ይላሉ። ካለ ይወስዳሉ፣ ከሌለ ሰላም በሉልን ብለው ይሄዳሉ። በመካከል ሰው ቢሞት፣ ቢታመም፣ ቢዳር፣ እነሱ የሚሰሙት በገበያ ቀን ነው። ሦስተኛው፣ ፑሹ፣ ደግሞ የእናቴ ሥራ ነበር። ደብዳቤ እንደ መጣ አንዱን እግሯን ደጃፍ ላይ ታደርጋለች፤ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። «ወደ ሮቢት ማን አለ? ወደ ጎብዬ ማን ይሄዳል?» ድምፅዋ ከገበያው ጫፍ ይሰማል። ግመል የሚነዳ ይሁን፣ ከክርክር የሚመለስ ይሁን፣ ሙሽራ ሊያመጣ የሚሄድም ይሁን፣ እጁ ላይ ታኖርለታለች። ባለቤቱ ሳይጠይቅ ደብዳቤው ከበሩ ይደርሳል። እርግጥ ነጻ አይደለም፤ እሷ መንገድ መንገዱን ስታይ ስንት ማንቆርቆሪያ ሻይ ተቃጥሏል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ነቅቶ መቆም አለበት።

ማህተም ያለበት ወረቀት ግን በሰው እጅ አይሄድም። ይህ የቤታችን ሕግ ነው። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ለአንድ ገበሬ የመጣ መጥሪያ እናቴ በመንገደኛ ላከችለት፤ መንገደኛው ሠርግ ቤት ገብቶ ሦስት ቀን ጨፈረ፤ ሰውየው ቀጠሮው አለፈበት። መጥቶ እናቴን በሰው ፊት ያላላት የለም። ከዚያ ወዲያ ክቡ ሰማያዊ ማህተም ያለበት ሁሉ ባለቤቱ በእግሩ መጥቶ፣ በአፉ ጠይቆ፣ በእጁ ይወስዳል። ያኔ ፑሹ ጠፍቶ ማኑዋል ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ክረምት ሲወጣ፣ ልጃገረዶች ለሶለል ጭፈራ ፀጉራቸውን መሠራት በጀመሩበት ሰሞን፣ ማንበብ የሚችሉ ሴቶች ደሴ ሄደው የአዋላጅነት ኮርስ እንዲወስዱ የሚመዘግቡ ሰዎች መጡ። ሞሚና ተፈተነችና አለፈች። እኔ አልተፈተንኩም፤ እናቴ ብቻዋን ናት፣ ሻይ ቤቱን ለማን ትቼ። ሞሚናም አድራሻሽ ስትባል የሁላችንንም አድራሻ ሰጠች። በወይዘሮ ብርቄ ሻይ ቤት በኩል።

ደብዳቤዋ የመጣ ቀን የፖስታ ቤቱን ከረጢት ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ማህተሙን አየሁ፣ ስሟን አነበብኩ፤ እስከ የትኛው ቀን ደሴ መድረስ እንዳለባት ከጀርባው ተጽፎ ነበር። ሞሚና ከሄደች ከማን ጋር ነው የማነበው? በገበያ ቀን ማንን ነው የምጠብቀው? ሦስተኛው መቆንጠጫ ላይ ሰቀልኩት። በማግስቱ በእሷ ቀበሌ የሚያልፉ ግመል ነጂዎች በደጃፋችን አለፉ። አየኋቸው። አንዱ በስም ያውቃታል። ማህተም ያለበት ነው አልኩና ብርጭቆ ማጠብ ቀጠልኩ። በገበያው ቀን ሞሚና መጣች፤ ግን አልገባችም። ከበሩ ሆና፣ «ዛሬ እቸኩላለሁ ታዱዬ፣ እናቴ ቤት ብቻዋን ናት» ብላኝ ሄደች። አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠራኋትም። በሚቀጥለው ገበያ ገብታ ተቀመጠችና ጠየቀችኝ። አውርጄ ሰጠኋት። ቀኑ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። አንብባ አጠፈችው፣ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው፣ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ቅቤዋን አነሣች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። እሷ አገባች፣ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች። እኔም እንዲሁ። ደብዳቤው ግን ከእኔ ሲባጎ ላይ አልወረደም።

ለዚህ ነው ያን ቀን በምሳ ላይ ራህመትን አላስበላ ያልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ፑሽ አድርጊው። እዚህ ከተማ ኔትወርክ አለ፣ መብራትም ሲመጣ ይመጣል። ጥሪው እስኪደርስ እኔ ዘንድ ክረሚ።»

«ፍየሎቼንስ?» አለች ሞሚና። «ማን ያግዳቸዋል? ደግሞስ በየሁለት ቀኑ ኮረብታ ትወጣለች፣ ምን ጎደለ?»

«ነገ ተጠርታ ዛሬ ማታ ቢመጣስ?»

«ያላት አይቀርባትም፣ ኢንሻ አላህ።»

«ሞሚና!» ድምፄ ከፍ አለ። የሞሚና እጅ በእርጎው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ቆመ። ልጅቷም አየችኝ። ከዚያ በኋላ ልመልሰው አልቻልኩም። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይቅር ካላልሽኝም እውነትሽን ነው። ያ ደብዳቤሽ የዘገየው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ግመል ነጂዎቹን አይቻቸዋለሁ። በበሩ ስታልፊም አይቼሻለሁ። ማህተም ስላለው ነው እላለሁ እንጂ፣ እንድትሄጂብኝ ስላልፈለግሁ ነው።»

ሞሚና እጇን ከሳህኑ አወጣች፤ በውኃ አጠበች፤ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች።

«አይቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ደብዳቤዬን። ያን ጊዜ ከበሩ ሆኜ። ሦስተኛው መቆንጠጫ ላይ ነበር፣ ከአንድ ሰማያዊ ፖስታ አጠገብ። ስሜን እንዳነብ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ታዲያ ለምን ስጪኝ አላልሽም?»

«የእናቴ ዓይን በዚያ ክረምት ነው የጠፋው። ጭስና ደመና መለየት አቅቷት ነበር። ስጪኝ ካልኩሽ ትሰጪኛለሽ። ከሰጠሽኝ መልስ መስጠት አለብኝ፤ እሄዳለሁ ወይም እቀራለሁ። ያ ወረቀት ሲባጎው ላይ እስካለ ድረስ ግን አልደረሰኝም። አባቴ ሲጠይቀኝ አልደረሰኝም እለዋለሁ፤ ውሸት አይደለም።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ይኼን ሁሉ ዘመን እኔ የማላውቅ መስሎሽ ተሸክመሽው ኖርሽ?»

«አንቺስ እኔ እንደ ደበቅሁብሽ ሳታውቂ ኖርሽ?»

«ሥራ በዝቶባት ረሳችው ብዬ ነበር» አለች። «ወላሂ። ሲባጎው ሙሉ ነበር።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ያ ሲባጎ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ ማረፊያም ነበር ማለት ነው። ደብዳቤህ መጥቷል፣ ግን ገና አልመጣም። ፑሽ ያንን ማረፊያ ይወስዳል። የምሥራቹም መርዶውም እንደ ደረሰ ኪስህ ውስጥ ይጮሃል፤ አላየሁም ማለት አይቻልም። ይህን ለሞሚና ልነግራት አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ።

«እማ» አለች ራህመት አያቷን፤ «እኔም እንደዚያ እንዳደርግ ነው የምትፈልጊው? አልደረሰኝም እንድል?»

ሞሚና መልስ ከመስጠቷ በፊት ሳል ሳል አላት። «የእኔ እናት ዓይኗ ጠፍቶ ነው። የእኔ ዓይን ደህና ነው።»

«ደህና ነው?»

«መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ!»

«ትናንት ያስገባሁልሽ ማነኝ?»

«እሱ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ነው» አለችና እኔን አየችኝ፤ ሳቅ መጣብን። ስትስቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ፍየሎቹን ጎረቤት ታያቸዋለች» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ያንን የሚጮኸውን አድርጊው። ታደሉ እንዳለችሽ አድርጊው።»

ራህመት ስልኳን አወጣች። ሴቲንግ ውስጥ ገባች፣ ሁለት ጊዜ ነካች፣ አበቃ። የእኔንና የሞሚናን ዕድሜ ያከለ ነገር በሁለት ጣት መነካካት ተቀየረ። የባትሪ ቆጣቢውንም አጠፋችው፤ እሱ ሲበራ ፑሹን እንደሚያስተኛው ነገረችን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የሥቃይና የሳቅ ናቸው። እሷም እኔም ሞሚናም በረንዳ ላይ ምስር እንለቅማለን፤ ስልኩ በሰፌዱ አጠገብ ጨርቅ ላይ ተኝቷል። ይጮሃል። ሦስታችንም እንዘላለን። የጫማ ቅናሽ ነው። ይጮሃል። የማታውቀው ሰው ገንዘብ ወርሰሻል ይላታል። «ማነው የሞተብን?» አለች ሞሚና ደንግጣ። ስናስረዳት፣ «ታዲያ የብርቄ ሲባጎ ይሻል ነበር» አለች፤ «እሷ እንደዚህ ያለውን ዱርዬ ሻይ ቤቷ አታስገባም ነበር።» ራህመት ለሌላው ሁሉ ድምፁን ዘግታ፣ የሆስፒታሉ ሲመጣ ብቻ እንዲጮህ አደረገችው። እንደዚያም ይቻላል አለችን። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ፤ ዝምታው ከጩኸቱ ባሰ። ሞሚና ምስር ለቅማ ስትጨርስ የተለቀመውን ደግማ ትለቅመዋለች። በየመካከሉ ግን ልጅቷን በስስት ስታያት አያታለሁ፤ አንገቷን፣ እጇን፣ ከጆሮዋ ኋላ ያመለጠውን ፀጉር። ምን እንደምትጠብቅና ምን እንዳይመጣባት እንደምትመኝ አውቃለሁ፤ ሁለቱ አንድ ደብዳቤ ነው። ያንን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ በረንዳውን መግፋት ስትጀምር፣ ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ። ማንም አልዘለለም። ራህመት አነሣችው፣ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ከነገ ወዲያ ጧት በሦስት ሰዓት፣ ደሴ፣ ዋናውን ማስረጃ ይዘሽ ይላል። ኮረብታዋ ላይ የምትወጣው ደግሞ በዚያው በጥሪው ቀን ነበር።

ሞሚና፣ «ምን ይላል?» አለች።

«ይጠሯታል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ተነሥታ የልጅቷን ሻርፕ ማጠብ ጀመረች።

ራህመት በሰዓቷ ደርሳ ተጠይቃለች፤ ይህን ስጽፍ ውጤቱ ገና ነው። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት የሸኘናት ጧት መንገድ ዳር የሆነውን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስገባናት፤ ግፊያው አያድርስ ነው። ሞሚና የማሽላ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ጭኗ ላይ ጣለችላት፤ ረዳቱ ስንቅ ነው ወይስ ጭነት ብሎ ተረባት፤ እሷም አንተም ትበላለህ ዝም በል አለችው። መኪናው ወደ ሮቢት ወረደ። ከማሽላው መካከል አንዴ ጣሪያው ብልጭ አለና ጠፋ። ሰዉ ተበተነ፤ እኔና ሞሚና ቆመን ቀረን። ከዚያ ጠየቅኋት። እንድታጽናናኝ ፈልጌ ነው የጠየቅኋት፣ ልዋሽ አልችልም።

«ሞሚና፣ ያን ጊዜ አምጥቼ በእጅሽ ባኖረው፣ ትሄጂ ነበር?»

የጠፋውን መኪና መንገድ እያየች ነበር።

«እሄድ ነበር» አለችኝ። «እያለቀስኩ፣ ግን እሄድ ነበር።»

ይቅርታ ብላት ይቅር ትለኛለች፤ እሷ እንደዚያ ናት። ጠጋ ብላ ክንዷን በክንዴ ውስጥ አስገባች። ከወልድያ በኩል የጭነት መኪና ይመጣ ነበር፣ ጡሩንባውን እየነፋ።

«ነዪ እንሻገር» አለችኝ። «አንቺ ያዥኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔ ደህና አይደለም።»

አጥብቄ ያዝኳትና ተሻገርን።